ለእታበባ የጾምኳት ፍልሰታ

ባለፈው ነሐሴ ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ፣ ሚኒባሳችን መራዊ ደርሶ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ከፌስታል ውስጥ ቅቅል እንቁላል አውጥታ መላጥ ጀመረች። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ረዳቱም “ኧረ መስኮት ክፈቱ!” አለ። ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ማንንም ሳታይ ግማሹን በአንድ ጊዜ ጎረሰችው። መስኮቱ በእኔ በኩል ነበር፤ አልከፈትኩትም። ትኩስ እንቁላል ሲላጥ የሚወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው ብዙ የለም፤ የእኔን ሆድ ግን ያባባዋል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወደነበረው ነሐሴ፣ ወደ እታበባ ይዞኝ ይሄዳል።

እታበባ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። የክርስትናውም የዓለሙም ስማቸው ሌላ ነው፤ አባቴ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እታበባ ስለሚላቸው እኛም ልጆቹ፣ ጎረቤቱም፣ በኋላ የሆስፒታሉ ሰው ሳይቀር እታበባ አላቸው። ቤታቸው ከቡሬ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ገጠር ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቆሎውንም በርበሬውንም የሚያዙበት እሳቸው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ቁመታቸው ከአባቴ ይበልጣል፣ ድምጻቸውም እንደዚያው። እኛ ቤት ሲመጡ አባቴ፣ ሰፈሩን የሚቆጣው ሰውዬ፣ “አንቱ” እያለ እንደ ተማሪ ይቆም ነበርና መምጣታቸውን በጣም እወደው ነበር።

ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለጥየቃ መጡ። አጠገባችን ተከራይታ የምትኖር ሲስተር የሽወርቅ የምትባል የሆስፒታል ነርስ ነበረች። እታበባ የውኃ ጀሪካን ሲያነሡ ግራ እጃቸውን ወደ ጎናቸው እንደሚሰበስቡ ከአጥር ወዲያ ሆና አየች። ማታውን መጥታ መጋረጃውን ጋረደችና ጡታቸውን ዳሰሰች። ለካስ እታበባ አንድ ዓመት ሙሉ “ብጉንጅ ነው” እያሉ ነጠላ ደርበውበት ኖረዋል።

በሳምንቱ ከእጢው ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ባሕር ዳር ተላከ ተባለ። ናሙና ማለት ከእሳቸው ሥጋ የተቆረጠ መሆኑን ስሰማ በጣም አዘንኩ። እታበባ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን አልፈው የማያውቁ ሴት፣ ቁራጫቸው ቀድሟቸው ባሕር ዳር ገባ። ሲመለስ መልሰው እንደሚሰፉት ስላልተጠራጠርኩ በየቀኑ “መጣ ወይ?” እያልኩ አባቴን አስጨነቅኩት።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር አባቴን ለብቻው ትጠራዋለች ብለን ነበር። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ በዘመድ በኩል ዞሮ፣ ተሸፋፍኖ ነው የሚደርስ። እሷ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

“እታበባ፣ እጢው ካንሰር ነው” አለች።

አባቴ ብድግ አለ። “ምነው ሲስተር! እንዲህ ይባላል?”

“ገላው የእሳቸው ነው። መድኃኒቱንም የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ሳያውቁት እንዴት ይታከሙታል?”

እታበባ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያጣጥፉ ቆዩና፣ “ተቀመጥ አንተ፤ ልጅቱ እውነቷን ነው” አሉት። “እኔ ስሙን ካወቅሁት ቆየሁ። ነቀርሳ ነው። እናታችንን የወሰደ።”

“እናትዎ ታክመው ነበር?”

“የት ታክማ! ማን አውቆ!”

“እርስዎ ይታከማሉ” አለች ሲስተር፣ ስለ ነገ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ።

ቀዶ ሕክምናው እኛው ከተማ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ተደረገ። እታበባ ከእኛ ጋር ከረሙ። ሲስተር ከሥራ ስትመለስ ቁስላቸውን ትጠርጋለች፤ ጥጡን የምቀበልበትን ሳህን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ልጅ አያይም ብሎ ነበር፤ እታበባ “የሰው ገላ ነው፤ ምን አለው!” አሉ። ያየሁት አላስፈራኝም። ጡቱ የነበረበት ቦታ በደንብ እንደተሰፋ የጆንያ አፍ ነበር። ሲስተር እጇ የሚያርፍባቸው እየነገረች ነው፦ አሁን ይቀዘቅዛል፣ አሁን ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ አሁን አለቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው እንዲህ እየነገረኝ ቢነካኝ ምንም የማያመኝ ይመስለኛል።

ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ባሕር ዳር እየሄዱ በደም ሥር የሚገባውን መድኃኒት መውሰድ ጀመሩ። ኬሞ ይሉታል። አንደኛው እንደ ቀይ ሥር ውኃ የቀላ ነው አሉን። ሲመለሱ ሁለት ሦስት ቀን ሎሚ አፍንጫቸው ሥር ይዘው ይተኛሉ፤ አፋቸው ይቆስላል። ፀጉራቸው በሁለተኛው ዙር ተጠራርጎ ሄደ። እናቴ ዞር ብላ ስታለቅስ እታበባ ራሳቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ “እመቤቴ ሳልመነኩስ ላጨችኝ” ብለው ሻሽ አሰሩ።

ወደ ባሕር ዳር ከመሄዳቸው በፊት ደማቸው እኛው ከተማ ይታያል። ደሙ ካልደረሰ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ ጉዞውም ይቀራል። ሲስተር ይህን ለእታበባ ስታስረዳ የእርሻ ሰው መሆናቸውን አልረሳችም። “መድኃኒቱ አረሙንም ሰብሉንም አብሮ ነው የሚነቅል። አረሙ ይሙት፤ ሰብሉ ግን መልሶ እንዲያቆጠቁጥ አፈሩ ፍግ ይፈልጋል። በየቀኑ እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ።” በሐምሌ ይህ ችግር አልነበረውም። ሦስተኛው ዙር ግን ነሐሴ ላይ ዋለ።

ፍልሰታ በእኛ አገር የልጆችም ጾም ናት። እታበባ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንዲት ቀን አጉድለውባት አያውቁም። ሲስተር ስለ እንቁላሉ ስታስታውሳቸው፣ “በእመቤቴ ጾም? ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ!” አሏት። እናቴ ለመነች፤ አባቴ ለመነ። በመጨረሻ አባቴ ሰው ልኮ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ምናሉን ከገጠር አስመጣ። ቄስ ምናሉ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ጃንጥላቸው አንድ ዘንግ ተሰብሮ ደረሱ።

“የታመመ ሰው ጾም የለበትም” አሉ ገና ሳይቀመጡ። “እኔ ፈትቻለሁ። ይብሉ።”

“ለሌላው ሲሉ ሰምቻለሁ አባ” አሉ እታበባ። “እኔ ግን ነገ ከነገ ወዲያ እመቤቴ ፊት ስቆም፣ ጾምሽን ሽሬ መጣሁ ልበላት?”

ቄስ ምናሉ ዞር ዞር ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

“ይች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?”

“ዘጠኝ” አለች እናቴ።

“እንግዲያው ጾሙ አይጎድልም። አንቱ ይበላሉ፤ እሷ ትጾምልዎታለች።”

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል አባ።”

“የሊጡን ነገር ለእመቤታችን ይተዉላት።” ወደ እኔ ዞሩ። “ትችያለሽ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃም የለ።”

“እችላለሁ” አልኩ። ያኔ የማልችለው ነገር አልነበረም፤ ባጃጅ ትነጂያለሽ ቢሉኝም እሽ እል ነበር። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እታበባ ረጅም ጊዜ አዩኝና፣ “እሽ፤ እንደ ቃልዎ ይሁን” አሉ። እኔ የገባኝ ቁርጥ ያለ ነገር ነበር፦ እኔ ስራብ የእታበባ ደም ይጨምራል፤ እኔ ከበላሁ ይቀንሳል። ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም ነበር። ደረቴን ነፍቼ ሰፈሩን ዞርኩ።

እናቴ የጾሙን ዕቃ እንዳይነካ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ለየች። ጧት እንቁላሉንና አንድ ኩባያ ወተት፣ ማታ እንዲሁ፣ ወደ እታበባ ክፍል የማደርሰው እኔ ነኝ።

“አስቀምጭውና ወጣ በይልኝ” ይሉኛል።

“ለምን?”

“በጾመኛ ፊት አይበላም። አንች እየተራብሽልኝ እኔ ፊትሽ ልጎርስ? ነውር ነው።”

በክብር ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ኩባያው ባዶ ነው፤ ቅርፊቱም ሳህኑ ላይ ተከምሯል። ሦስት ዓመቱ የነበረው ወንድሜ አቡሽ ከዚያ ክፍል አይጠፋም። በዚያ ሰሞን ጉንጩ ሞላ፤ እናቴም “ክረምቱ ተስማማው” አለች። አንድ ቀን ከንፈሩ ዳር ቢጫ ነገር አይቼ ጠረግኩለት። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም። ሰው ሲርበው ስለ ራሱ ሆድ እንጂ ስለ ሌላው አፍ አያስብም።

ራቡ ደግሞ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እልህ ያዘኝ። በአራተኛው ቀን ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ባትሪው ያለቀ መስሎኝ አባቴን አስቀየርኩት። በስድስተኛው ቀን፣ ገና ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤት ልጆች ጋ ሄድኩ። እናታቸው በረንዳ ላይ በከሰል የበቆሎ እሸት እየጠበሰች ነበር። ትንሽ ያረረው፣ ያ ጠቆር ያለው ፍሬ ሲሸት ምራቄ አገጬ ላይ ደረሰ። አንድ ፍሬ ብቻ አልኩ። ፍሬዋ ጎረቤት ነበራት፤ ጎረቤቷም ዘመድ ነበራት። ቆረቆንዳው እጄ ላይ ባዶውን ሲቀር ነው የነቃሁት። ወደ ቦይ ወረወርኩት፤ ጎርፉም ወሰደው። ማንም አላየም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሰው እኩል “ራበኝ” ብዬ ማዕድ ቀረብኩ።

በስምንተኛው ቀን እታበባ ደማቸውን ሊያሳዩ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ወረቀት ይዛ መጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

“ደሙ ወርዷል። ክብደትዎም ቀንሷል። በዚህ ሁኔታ ባሕር ዳር ብትሄዱ ይመልሷችኋል። አንድ ሳምንት እንቆይና እንደገና እናየዋለን።”

“ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል?” አለ አባቴ።

“አንድ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም። ከተደጋገመ ግን ለበሽታው ፋታ መስጠት ነው።” ወደ እናቴ ዞረች። “እንቁላሉ ይሰጣል?”

“በማርያም! ጧት ማታ!”

“መድኃኒቱ በራሱ ደም ያወርዳል፤ እሱን አውቃለሁ። ይህ ክብደት ግን የሚበላ ሰው ክብደት አይደለም።”

እታበባ መሬት መሬት አዩ። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ምስጢሩን ከዓለም ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደሙን ያወረደው በቆሎው ነው። ሹልክ ብዬ ወጥቼ ከእንጨት ማስቀመጫው ኋላ ተደበቅኩ። እታበባን ገደልኳቸው ብዬ አለቀስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደወል እናቴ ጠራችኝ፤ አልወጣሁም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብጾም የበቆሎውን ይክስ ይሆናል ብዬ ነበር። አሥር ሰዓት አካባቢ ዓይኔ ብዥ ሲል ግን፣ እውነቱን ተናግሬ የመጣው ይምጣ አልኩ።

እታበባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አቡሽ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

“እታበባ፣ ደምዎን ያወረድሁት እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“በቆሎ በላሁ። ሳይደርስ። አንድ ፍሬ ብዬ ነበር፣ ከዚያ... ሙሉውን።”

አፍጥጠው አዩኝ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ የበለጠ ጮህኩ፤ እሳቸው ግን የሚስቁ ነበሩ። ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተገለበጠ። እጄን ስበው አስቀመጡኝና ትራሳቸውን ገለጥ አደረጉ። በመሐረብ የተጠቀለለ እንቁላል ነበር።

“ይኸ የጧቱ ነው። አቡሽ ሲነቃ ይበላዋል። ወተቱንም እሱ ነው የሚጠጣልኝ።”

“እርስዎስ?”

“እኔማ እየጾምሁ ነው። እንዳንች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።” አፍንጫቸውን ጠረጉ። “ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይኸው ዛሬ አለቀብን፤ የኔም፣ ያንችም።”

ለእሳቸው ክብር ስል ቀስ ብዬ ተናገርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያ ግን አልሆነም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ። “እኔ የተራብሁት እርስዎ እንዲበሉ ነው! ቄስ ምናሉ ብለዋል! ለምን ዋሹኝ?”

“ምን ላድርግ ልጄ። የምሞት መሰለኝ። ካልቀረ፣ ለመንገዴ ንጹሕ ልሁን ብዬ ነው።”

በቤታችን ሞት የሚለውን ቃል ማንም አላነሣውም ነበር። አሁን በእሳቸው ድምጽ፣ በቀን ብርሃን ሰማሁት። እንቁላሉን አንስቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና፣ “ይብሉ” አልኳቸው። ልመና አልነበረም፤ እናቴ አቡሽን የምታዘው ዓይነት ትእዛዝ ነው።

እታበባ እንቁላሉን ላጡት። ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። አማተቡና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ “እመቤቴ፣ እያየሽ ነው፤ ያስገደፈችኝ ይች ናት” ብለው ከሰሱኝ። አፋቸው ውስጡ ቆስሎ ስለነበር እያንዳንዷ ጉርሻ ታስጨንቃቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይውጣሉ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁ። የመጨረሻዋ ጉርሻ ስትገባ አቡሽ ነቃ፤ እንቁላሉ የት እንደ ገባ አይቶ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። በዚያ ሕክምና ከማናችንም በላይ የተበደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለሲስተር ራሳቸው ነገሯት። “ጠርጥሬ ነበር” ብላ ብቻ ለአፋቸው ቁስል መጉመጥመጫ አመጣችላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ አይዘጋም። እሳቸው ፊቴ ይበላሉ፣ እኔም ፊታቸው እራባለሁ። እንቁላሉ አልወርድ ሲላቸው “አንድ ፍሬ ብቻ” እላቸዋለሁ፤ በሳቅ ይውጡታል። እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። ጎረቤት እሸት ሲጠበስ እነሱ ቤት መሄድ ተውኩ።

የጾሙ መፍቻ ዋዜማ ሲስተር ከበሩ ሳትገባ “ደርሷል! ደሙ ደርሷል!” ብላ ተጣራች። እናቴ እልል አለች። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እታበባን ልንሸኝ መናኸሪያ ሄድን። ያካፋ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሎሚያቸውን ይዘው ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከውጭ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቆሜያለሁ። ሳምንት ሙሉ ያፈንኩት ጥያቄ አመለጠኝ።

“እታበባ፣ አይሞቱም አይደል?”

“ዝም በይ!” አለ አባቴ።

“ተዋት!” አሉት። ሻሻቸውን አስተካክለው በመስኮቱ ብቅ አሉ። “እንዴት ብዬ እሞታለሁ? ፍልሰታን እንቁላል ስበላባት ከርሜ? ጾሜን ሳልመልስ የትም አልሄድም። ለከርሞ አብረን ቁጭ ብለን እንጾማታለን።”

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

የቀሩት ዙሮች አለፉ፤ አንዳንዱ በቀጠሮው፣ አንዳንዱ ዘግይቶ። ለከርሞ ነሐሴ ሲገባ እታበባ ከቡሬ መጡ፤ አጭር ሽበት ራሳቸው ላይ ጢቅ ብሎ በቅሏል። ሲስተር “ከእንግዲህ መጾም ይችላሉ” ብላቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናቡን እያየን ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቅን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፊታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ።

“ራብዎት እንዴ?” አልኳቸው።

“በጣም!” አሉ እታበባ። “ተመስገን፣ እንዴት እንደ ራበኝ!”